ሰበብ የሚያሳጣው ብሩሽ

በሞያሌ ከተማ፣ ከድንበሩ መስመር ወዲህ በኬንያ በኩል፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት ብቻ ያላት ጠባብ የፀጉር ማስተካከያ ቤት ትታሰብ። በሯ ላይ በስዋሂሊ «ኪንዮዚ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከበሩ ወዲያ ግን አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛውና ስዋሂሊው እየተቀባበሉ ይወራሉ። ከመስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ሁለት የጺም ብሩሾች ቆመዋል። አንደኛው የእንጨት እጀታ ያለው፣ ፀጉሩ ነጣ ያለና ሻካራ ነው። ሁለተኛው ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ ጫፉ እንደ ጥጥ የለሰለሰ፣ ዋጋውም ርካሽ የሆነ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ነው። ወጣቱ ባለሙያ የእንጨቱን ብሩሽ አንሥቶ ሳሙናው ላይ ማሽከርከር ሲጀምር፣ ጉንጫቸውንና አንገታቸውን ሊያስተካክሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት አዛውንት እጁን ያዝ ያደርጉታል።

«ልጄ፣ ይህ ከምን የተሠራ ነው?»

«ኦርጂናል ነው አባባ፤ የፀጉር ነው።»

«የምን ፀጉር?»

ወጣቱ መልስ የለውም። ብሩሹን የገዛው ከናይሮቢ ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴው ከጅምላ ሻጭ፣ ጅምላ ሻጩም ከመርከብ ከተራገፈ ኮንቴይነር አግኝቶታል። በዚህ ረጅም ሰንሰለት ውስጥ «የምን ፀጉር?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው የተነሣው ብሩሹ የሰው ፊት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው ነው።

አዛውንቱ ሙስሊም ይሁኑ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን አልተገለጸም፤ መገለጽም አያስፈልገው። በተፈጥሮ ፀጉር ከሚሠሩት የጺም ብሩሾች መካከል ርካሹ የአሳማ ፀጉር ስለሆነ፣ ጥያቄው ለሁለቱም ምእመናን እኩል ይከብዳል። ነገር ግን የሃይማኖት ሥርዓት ለማያሳስበው ሰውም ቢሆን ጥያቄው ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ለመሆኑ ሰው ገላውን ስለሚነካው ዕቃ ምን ያህል ሊያውቅ ይገባዋል? ከተፈጥሮ የተገኘው ሁሉ ከሰው ሠራሹ ይበልጣልን? ርካሽና ብቁ ምትክ በተገኘ ጊዜስ፣ የቀድሞው ልማድ በምን ሰበብ ይቀጥላል?

«ኦርጂናል» የሚለው ቃል

የጺም ብሩሽ ሥራ ውኃ ይዞ ሳሙናውን አረፋ ማድረግና አረፋውን ከጺሙ ሥር አድርሶ ፀጉሩን ማለስለስ ነው። ለዚህ ተግባር ሲያገለግሉ የኖሩት የእንስሳ ፀጉሮች በዋናነት ሦስት ናቸው። ውዱ ባጀር የሚባለው፣ ጉድጓድ ምሶ የሚኖር የሌሊት አውሬ ፀጉር ነው፤ በአፍሪካ የንብ ቀፎ እየሰበረ ማር ከሚበላው አውሬ ጋር በሩቅ ይዛመዳል። ፀጉሩ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ ውኃም አጥብቆ ይይዛል። ሁለተኛው የአሳማ ፀጉር ሲሆን፣ አዲስ ሳለ ሻካራ ነው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ መቆየት ይፈልጋል፤ ከብዙ ጊዜ አገልግሎት በኋላ ግን የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ እየተሰነጠቀ ይለሰልሳል። ጥንካሬው ደረቅ ሳሙናን ፈልቅቆ ለማንሣት ስለሚረዳ አፍቃሪዎች አሉት። ሦስተኛው የፈረስ ጋማና ጭራ ነው፤ በልስላሴው በሁለቱ መካከል ይመደባል።

ሰው ሠራሹ ብሩሽ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራ ክር ነው። የቀድሞዎቹ የናይሎን ብሩሾች ደረቅና ውኃ የማይዙ ስለነበሩ መጥፎ ስም አትርፈው ነበር። ከቅርብ አሥርተ ዓመታት ወዲህ ግን የመዋቢያ ብሩሽ ለመሥራት የዳበረው ጥበብ ወደ ጺም ብሩሽ ተሻግሮ፣ ጫፋቸው እየቀጠነ የሚሄድ ረቂቅ ክሮች ተገኝተዋል። እነዚህ ክሮች ውኃውን ወደ ውስጣቸው አይመጡም፤ በመካከላቸው ይይዙታል እንጂ። ስለዚህ መዘፍዘፍ አያሻቸውም፤ ቶሎም ይደርቃሉ። ዛሬ ርካሹ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ከርካሹ የአሳማ ብሩሽ በሥራው አያንስም፤ ለስላሳ ቆዳ ላለው ሰው እንዲያውም ይመረጣል።

ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ወጣቱ ፀጉር አስተካካይ የእንጨቱን ብሩሽ «ኦርጂናል» ብሎ ለምን አስቀደመው? መልሱ ከብሩሹ ይልቅ በቃሉ ውስጥ ይገኛል። ከመርካቶ እስከ ሞያሌ ገበያ ድረስ «ኦርጂናል ነው» ከተባለ ዕቃው እውነተኛ ነው፤ ይታመናል፤ ገንዘብ ያወጣል። «የቻይና ነው» ከተባለ ደግሞ አስመሳይ ነው፤ ነገ ይሰበራል። የጺም ብሩሽ ግን ይህን አከፋፈል ያፈርሰዋል። በዓለም ገበያ ውድ የሚባለው የባጀር ፀጉር በአብዛኛው የሚመጣው ከቻይና ነው፤ የአሳማውም ፀጉር ትልቁ ምንጭ እዚያው ነው፤ ርካሹ ሰው ሠራሽም በብዛት የሚሠራው በዚያው አገር ነው። «ኦርጂናሉ»ና «ቻይናው» ከአንድ ወደብ የተነሡ፣ ምናልባትም በአንድ ኮንቴይነር የተጓዙ ጎረቤታሞች ናቸው።

በድንበር ከተማ የሚዘወተረው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚል ነው። ሰውም ዕቃም ይጠየቁታል። ሞያሌ ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የቆመች ከተማ ናት፤ አስፋልቱ ከኢሲዮሎ ተነሥቶ እስኪደርስላትና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኬላ እስኪመረቅላት ድረስ ከብዙ ገበያ ተነጥላ የኖረች ናት። ዛሬ ዕቃው በሁለቱም አቅጣጫ በፍጥነት ያልፋል፤ የዕቃው ታሪክ ግን በዚያው ፍጥነት ይጠፋል። አዛውንቱ የጠየቁት ከዚህ የተለየ ነው። «ከየት?» አላሉም፤ «ከምን?» አሉ። «ኦርጂናል» የሚለው መልስ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልስ እየመሰለ ሁለተኛውን ይሸፍነዋል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዕቃን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው፤ ስለዚህ ስሙ ዕቃውን ከመግለጽ ይልቅ ዕቃውን ለመሸጥ ሊወጣ ይችላል። በማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2017 የንግድ ተቆጣጣሪዎች ከ2000 በላይ ብሩሾችን ከመደብሮች ሰብስበው ነበር። ብሩሾቹ በአሳማ ፀጉር የተሠሩ መሆናቸው ተጠርጥሮ ነው። የአገሪቱ ደንብ ግን የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ፈጽሞ አይሸጥ አላለም፤ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ምንነቱም ይጻፍበት ነው ያለው። ጥፋቱ ያለው በፀጉሩ ላይ ሳይሆን በዝምታው ላይ ነበር ማለት ነው። ከዚህ አንጻር ሲታይ «ሰው ሠራሽ» ተብሎ የተሸጠው የፕላስቲክ ብሩሽ ስለ ራሱ እውነት ተናግሯል፤ «የፀጉር» ተብሎ ብቻ የተሸጠው የእንጨት ብሩሽ ግን የእውነቱን ግማሽ አስቀርቷል።

አባ ሰንጋ በሳሙና አረፋ ውስጥ

ተፈጥሮ በራሷ ለንጽሕናም ሆነ ለእውነት ዋስ እንደማትሆን የጺም ብሩሽ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል።

የሞያሌና የአካባቢው ከብት አርቢ አባ ሰንጋን ማንም እንዲያስተዋውቀው አይሻም። ደህና ያደረ ከብት በድንገት ይወድቃል፤ ከአፉና ከአፍንጫው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈሳል። ሥጋው አይበላም፤ ቆዳው አይገፈፍም። የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1876 መንሥኤውን ለይቶ አሳይቷል፤ ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርም በ1881 እንስሳትን በክትባት መከላከል እንደሚቻል በአደባባይ አረጋግጧል። በእንግሊዟ የብራድፎርድ ከተማ ከሩቅ አገር የመጣ ሱፍና ፀጉር የሚለዩ ሠራተኞች በዚሁ በሽታ ይሞቱ ስለነበር «የሱፍ ለዪዎች በሽታ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። እንግዲህ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ የሠለጠነው ዓለም ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። በብሪታንያና በአሜሪካ፣ ከብት ያልነኩና ቆዳ ያልፋቁ ወታደሮችና ሲቪሎች በፊታቸውና በአንገታቸው ላይ መካከሉ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ይወጣባቸው ጀመር። ምርመራው ሄዶ ሄዶ ያረፈው በአዲሱ የጺም ብሩሻቸው ላይ ነበር። ጦርነቱ የንግድ መንገዶችን በመዝጋቱ የባጀር ፀጉር ከገበያ ጠፋ፤ በምትኩ ከእስያ የመጣ የፈረስ ፀጉር ባጀር እንዲመስል ተደርጎ በርካሽ ቀረበ። ቀድሞ ፀጉሩ በሚያልፍበት መንገድ ይደረግለት የነበረው የማጽዳት ሥራም በጥድፊያው ተዘለለ። ወታደሩ ከመርዝ ጋዝ የሚከላከለው ጭምብል ከፊቱ ጋር እንዲገጥም ጺሙን ይላጭ ነበር፤ ከአንዱ ሞት ሲሸሽ ሌላውን ሞት በሳሙና አረፋ ፊቱን ቀባው። በዚህ መንገድ የታመሙት ሰዎች ከ200 በላይ እንደነበሩ ተመዝግቧል፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1919 የአባ ሰንጋ መከላከያ ሕግ አወጣች፤ በ1920ም ከጃፓን የሚመጣ የጺም ብሩሽ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች።

ይህን ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰው በሁለት መንገድ ሊያነብበው ይችላል። የተፈጥሮ ወዳጅ «ርካሽ አስመሳይ ዕቃ ሰው ገደለ» ይላል። የሰው ሠራሽ ወዳጅ ደግሞ «የእንስሳ ፀጉር ሰው ገደለ» ይላል። ሁለቱም የእውነቱን ግማሽ ይዘዋል። የፈረስ ፀጉር በራሱ አይገድልም፤ ታጥቦና ተቀቅሎ ቢሆን ኖሮ ማንንም ባልጎዳ ነበር። ርካሽነትም በራሱ አይገድልም። የገደለው አንድ ሰው በማጽዳቱ ላይ ያተረፋት ጥቂት ሳንቲም፣ ያንንም የሸፈነው የውሸት ስም ነው። ነጋዴው ያልከፈለውን ወታደሩ በፊቱ ከፈለ። ርካሽ ዕቃ በቀረበ ቁጥር ሊጠየቅ የሚገባው «ለምን ረከሰ?» የሚለው ነው። ጥበብ አድጎ ቢረክስ በረከት ነው፤ መደረግ ያለበት ነገር ሳይደረግ ቀርቶ ከሆነ ግን ዋጋው አልቀነሰም፤ ወደ ሌላ ሰው ተላልፏል።

ግድ የነበረውና ግድ ያልሆነው

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ፣ ዋላስ ካሮተርስ የሚመራው የኬሚስቶች ቡድን ናይሎንን ሠራ። ናይሎን ሲባል ብዙ ሰው የሴቶች ስቶኪንግ ይታወሰዋል፤ ለገበያ መጀመሪያ የቀረበው ግን በ1938 በጥርስ ብሩሽ መልክ ነበር። ከዚያ በፊት በፋብሪካ የሚሠራው የጥርስ ብሩሽ በአብዛኛው የአሳማ ፀጉር ነበር። ዛሬ በሞያሌ መደብር የጥርስ ብሩሽ የሚገዛ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን «የምን ፀጉር?» ብሎ የማይጠይቀው፣ ጥያቄውን ከአንድ ሰው ዕድሜ በፊት ናይሎን ስለመለሰለት ነው። ከዛፍ የሚቆረጠው መፋቂያ ግን ያኔም ጥያቄ አልነበረበትም፤ ዛሬም የለበትም።

በዚህ ላይ የእስልምና ሊቃውንት የቆየ ክርክር ብዙ ያስተምራል። የአሳማ ሥጋ ክልክልነት ላይ ልዩነት የለም። ፀጉሩን በተመለከተ ግን መዝሀቦቹ ተለያይተዋል። በምሥራቅ አፍሪካ የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ ፀጉሩንም ነጃሳ ያደርገዋል፤ የማሊኪ ሊቃውንት ፀጉሩን ከሥጋው ለይተው ንጹሕ ይሉታል፤ ከሐነፊ ሊቃውንት መካከል ደግሞ ነጃሳ መሆኑን ሳይክዱ ለጫማ ሰፊ የፈቀዱ አሉ። ጫማ ሰፊው ክሩን በቆዳው ቀዳዳ የሚመራበት እንደ አሳማ ፀጉር ጠንካራና ቀጭን የሆነ ነገር አልነበረውምና። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ፈቃዱ የተሰጠው ለፀጉሩ ሳይሆን ለግዱ መሆኑን ነው። ግዱ ሲቀር ፈቃዱ የቆመበት መሬት ይከዳዋል።

አማርኛውም «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይላል። ምሳሌው የቸገረውን ሰው ይምረዋል፤ በጾም ቀን ሌላ ያጣ ሰው ያገኘውን ቢበላ አይፈረድበትም። ችግሩ አልፎ፣ ሽሮውም በርበሬውም በቤቱ ሞልቶ ሳለ ቅቤውን የቀጠለ ሰው ግን በዚህ ምሳሌ ሊጠለል አይችልም።

ርካሹ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ያመጣው ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ምትክ ሲገኝ የሚለወጠው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሰው ግዴታም ይለወጣል። «ሌላ ምን አለና?» የሚለው መልስ ትናንት እውነት ነበር፤ ዛሬ ሰበብ ሆኗል። ሰውየው አልተለወጠም፤ ብሩሹም አልተለወጠም፤ ነገር ግን በመደርደሪያው ላይ ሁለተኛ ብሩሽ በመቆሙ ብቻ የመጀመሪያውን ማንሣት ምርጫ ሆነ። ምርጫ ደግሞ ምክንያት ይጠየቃል።

ይኸው ሚዛን በአውሬው ላይም ይሠራል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣችው ሕግ ባጀርን መግደልና ማሠቃየት ከልክላለች፤ በሱቆቿ የሚሸጠው የባጀር ብሩሽ ፀጉር ግን ከቻይና ይመጣል። ፔታ የተባለው የእንስሳት መብት ተሟጋች ድርጅት በ2018 በቻይና በጠባብ የብረት ጎጆ ተዘግተው የሚኖሩ ባጀሮችን የሚያሳይ ምስል አሠራጭቶ ነበር። ለአረፋ ሲባል አውሬን አስሮ መግደል አረፋው በሌላ መንገድ በማይገኝበት ዘመንም ቢሆን የሚያጠያይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ጥያቄው መልስ የሌለው ሆኗል።

ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ የእንስሳ ፀጉር ሁሉ ኃጢአት ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። የፈረስ ጋማና ጭራ ፈረሱ ሳይሞት ሊቆረጥ ይችላል። የቦረና አርቢ ከታረደ ከብት የሚጥለው ጥቂት ነው፤ ቆዳውን፣ ቀንዱን፣ ጭራውን ለሥራ ያውላል። እንዲህ ያለው አጠቃቀም ለእንስሳው ክብር መንፈግ አይደለም፤ ምናልባት ከክብር አንዱ መንገድ ነው።

ምትክ የማይገባበትም ቦታ አለ። የበገና አውታር ከበግ አንጀት ይከረራል፤ የማሲንቆ አውታርና ደጋን የፈረስ ጭራ ነው። የክራር አውታር ግን ቀድሞ ከጅማትና ከአንጀት ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በብዛት ናይሎን ሆኗል። ክራሩ ክራርነቱን አላጣም፤ የበገናው መንቀጥቀጥና የማሲንቆው ሻካራ ዜማ ግን ከአውታሩ ጋር የተጋቡ ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው ቢባል፣ አንዳንድ ጊዜ ነገሩ የተሠራበት ጉዳይ ከተፈጥሮው ዕቃ ተለይቶ አይገኝም፤ ድምፁ ራሱ አንጀቱ፣ ድምፁ ራሱ ጭራው ነው። በጺም ብሩሽ ላይ የሚፈለገው አረፋና የለሰለሰ ጺም ነው። አረፋው የአሳማ ይሁን የናይሎን ፊት ላይ ሲቀባ አይለይም። እዚያ ላይ «የተፈጥሮ ካልሆነ» ማለት ከጉዳዩ ይልቅ ለባለቤቱ ኩራት የሚቀርብ ነው።

ምትክም ዕዳ አለበት

ነገር ግን ሰው ሠራሹ ብሩሽ ነፃ ወጥቶ አይሄድም። የእንስሳ ፀጉር ሲጣል ይበሰብሳል፤ ወደ አፈር ይመለሳል። የፕላስቲክ ክር ግን እየተሰባበረ ይረቃል እንጂ አይጠፋም። የሞያሌ ነፋስ ፌስታል ወስዶ በግራር እሾህ ላይ ሲሰቅል፣ ፍየልና ላም ሲበሉት ያላየ የለም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 የፕላስቲክ ከረጢትን አግዳለች፤ በ2025 የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ለአንድ ሰዓት አገልግሎ የሚጣል ከረጢትና ለዓመታት የሚያገለግል ብሩሽ እኩል አይፈረድባቸውም። ሆኖም ርካሽነት የራሱ ፈተና አለው፤ ዕቃው ርካሽ ነውና ባለቤቱ አያጥበውም፤ አይጠግነውም፤ ይጥለዋል። እንዲህ ከሆነ የተረፈው አውሬ በተጎዳ መሬት ተተካ ማለት ነው።

ለዚህ መልሱ በየቤቱ አለ። የምግብ ዘይት ይዞ የመጣው ቢጫ ጀሪካን እንስራን ተክቶ የሴቶችን ጀርባ ከሸክላ ክብደት አሳርፏል። የዘይት ነጋዴው እንደሚጣል ቆጥሮት ነበር፤ የውኃ ችግር ያለበት አገር ሰው ግን ለዓመታት ያኖረዋል፤ ሲሰነጠቅም በጋለ ብረት እየለሰነ ይጠግነዋል። ርካሽ ዕቃን እንደ ውድ ዕቃ መያዝ የድህነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፤ በእውነቱ ግን ምትክ የሚያመጣውን ዕዳ የመክፈያ መንገድ ነው።

ሌላም ዕዳ አለ። ኤች አይ ቪ ብዙ ሕይወት በቀጠፈባቸው ዓመታት በሁለቱም አገሮች የተሰጠው ትምህርት፣ ደንበኛው አዲስ ምላጭ ፊቱ ላይ እንዲከፈትለት መጠየቅን አስለምዶታል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ግን ምላጩ አዲስ መሆኑን የጠየቀው ሰው ብሩሹ ዛሬ ጠዋት የስንት ሰው ፊት እንደዳሰሰ አይጠይቅም። እርጥብ ሆኖ የሚውል፣ ለሁሉም የሚያገለግል ብሩሽ የቆዳ በሽታ ከፊት ወደ ፊት ሊያሻግር ይችላል። ቀድሞ ለባለሙያው አንድ ሰበብ ነበረው፤ የእንስሳ ፀጉር በፈላ ውኃና በብርቱ መድኃኒት ይበላሻል፤ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። ሰው ሠራሹ ግን በሳሙናና በአልኮል መጽዳትን ይችላል፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ዋጋውም ሁለትና ሦስት ገዝቶ ለማፈራረቅ፣ ወይም ቋሚ ደንበኛ የግሉን እንዲያስቀምጥ ይፈቅዳል። እዚህም ርካሹ ብሩሽ ያደረገው ሰበብን መንጠቅ ነው። ሰው ሠራሹን ገዝቶ እንደ ቀድሞው ሳያጥብ የሚሠራ ባለሙያ ምንም አልተሻሻለም፤ እንዲያውም ከትናንቱ ይልቅ ዛሬ ይጠየቃል።

በጥቅሉ ሲታይ «የተፈጥሮ» እና «ሰው ሠራሽ» የሚሉት ስሞች ራሳቸው የምስጋና ወይም የነቀፋ ማዕረግ ሊሆኑ አይችሉም። ስለ አንድ ዕቃ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ራሱ እውነት ይናገር እንደሆነ፣ ርካሽነቱን ማን እንደከፈለለት፣ ሌላ መንገድ እያለ ማንን እንደጎዳ ነው። ይህን ጥያቄ ያለፈ የፈረስ ፀጉር ብሩሽ ሊኖር ይችላል፤ የወደቀ የፕላስቲክ ብሩሽም እንዲሁ። የአዛውንቱ «የምን ፀጉር?» ታዲያ የሥርዓት ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ከኮንቴይነሩ እስከ ወንበሩ ድረስ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ በመጨረሻው በር ላይ ቆሞ መጠየቅ ነው።

ወደዚያች ጠባብ ቤት ሲመለስ፣ ወጣቱ ባለሙያ አሁንም ብሩሹን እንደያዘ ቆሟል። «የበግ ነው» ብሎ መገላገል ይችላል፤ ማንም አይመረምረውም። ወይም «የፈረስ ይመስለኛል» ብሎ ግማሽ ውሸት መናገር ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ከሁሉ የሚያጥረው ነው።

«አላውቅም አባባ።»

ከዚያም የእንጨቱን ብሩሽ ወደ መደርደሪያው ይመልሳል። ጥቁሩን አንሥቶ በውኃ ያለቀልቃል፤ «ይህኛው ፕላስቲክ ነው፤ ጠዋት በሳሙና አጥቤዋለሁ» ይላል። አዛውንቱ ራሳቸውን ወደ ኋላ ያስደግፋሉ፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው አንገታቸውን ይሰጡታል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዚያ አንገት ላይ ምላጭ ያልፍበታል። ሰው ለማያውቀው ሰው እጅ ጉሮሮውን ሲሰጥ በምላሹ የሚጠይቀው ብዙ አይደለም፤ የሚነካውን ነገር በእውነተኛ ስሙ እንዲነግረው፣ ካላወቀም «አላውቅም» እንዲለው ብቻ ነው።